ያላዩአትን ፕላኔት በምን ሚዛን መዘኗት?

መክፈቻ

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ቤተሰቦች። እ.ኤ.አ. በ2025 ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቴስ በምትባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ እየፈረሰች ያለች ፕላኔት ማግኘታቸውን አስታውቀው ነበር። መጠሪያዋ ቢዲ+05 4868 ኤቢ ነው፤ ስም ማውጣት አይችሉበትም። ከእኛ 140 የብርሃን ዓመት ያህል ትርቃለች፤ አንዱ የብርሃን ዓመት ብርሃን በዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው። ኮከቧን በ30 ሰዓት ተኩል አንዴ ትዞራለች፤ ከኮከቧ አፍንጫ ሥር ስለሆነች ገጿ ወደ 1,600 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይግላል። ድንጋዩ ይቀልጣል፣ ይተናል፤ ትነቱ ወደ ጠፈር ሲወጣ ቀዝቅዞ አቧራ ይሆንና እስከ 9 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር የሚረዝም ጅራት ይሠራል። እስከዚህ ድረስ ይሁን ብያለሁ። የከነከነኝ ቀጥሎ ያለው ነው፤ በአንድ ዙር ብቻ የኤቨረስትን ተራራ የሚያህል ድንጋይ ታራግፋለች ይላሉ። ፕላኔቷን ራሷን ግን ያያት የለም! እኔ ፍኖተ ሰላም ውስጥ እህል ነጋዴ ነኝ፤ ጆንያው ሚዛን ላይ ሳይወጣ ኪሎ አልናገርም። እነዚህ ሰዎች ምኑን የት ላይ አውጥተው መዘኑት? የሚያውቅ ያስረዳኝ፤ የማያውቅም ስድብ ሳይጨምር ይሞክር።

ማሳሰቢያ፦ ክሩ ስለረዘመ፣ መሀሉም በቡና ወሬ ስለተሞላ፣ ዘግይቶ ለሚመጣ አንባቢ እንዲመች እያንዳንዱ መልስ ምን እንዳለ በራሴ አነጋገር ከታች አስቀምጫለሁ። ክሩን የከፈትኩት እኔ ስለሆንኩ አስተያየት ጣል ሳላደርግ አላለፍኩም።

1. ባሕር ዳር የምትማር ተማሪ ቀድማ ደረሰች። ጥያቄው ደስ እንዳላት ገልጣ፣ ሁሉም ነገር ከኮከቡ ብርሃን ተሰልቶ የተገኘ እንደሆነ ጻፈች። እንዴት ተሰላ የሚለውን ግን ዘለለችው። ትሕትናዋን ወድጄዋለሁ፤ መልስ ግን አላገኘሁበትም።

2. ደብረ ማርቆስ ላይ ፊዚክስ የሚያስተምር መምህር ከሥሩ ጀመረ። የቴሌስኮፑ ሥራ የኮከቡን ብርሃን እየለካ መመዝገብ ብቻ እንደሆነ፣ በኮከቡና በእኛ መካከል አንድ ነገር ሲያልፍ ብርሃኑ እንደሚቀንስ አስረዳ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጨረቃ ፀሐይን ስትጋርድ ጎጃም ላይ ሆነን ያየነው በዓይነቱ እሱኑ ነው፤ እዚያ ግን የሚጋረደው ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ነው። ጤነኛ ፕላኔት በየዙሩ እኩል ይጋርዳል፤ አገባቡና አወጣጡም አንድ ዓይነት ነው። የዚችኛዋ ግን አንዴ በዛ፣ አንዴ አነስ ይላል፤ ብርሃኑ ድንገት ይወርድና ወደ ቦታው የሚመለሰው እየተንፏቀቀ ነው። ክብና ድፍን የሆነ ነገር እንዲህ አያደርግም፤ ከኋላው እየሳሳ የሚሄድ ጅራት ያለው ነገር ግን ያደርጋል። ከዚህ ዓይነት መጀመሪያ የተያዘችው ኬፕለር-1520ቢ እንደሆነችም ጨመረ። እሷ የተገለጠችው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፤ ኮከቧን በ15.7 ሰዓት ትዞራለች፤ የምትጋርደው አንዳንድ ዙር ላይ ጭራሽ ይጠፋል፣ አንዳንዴ እስከ 1.3 ከመቶ ይደርሳል።

3. ቀጥሎ የጻፈው ከቡሬ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። በጋ ላይ ኮረኮንች የሚወጣ አይሱዙን ከማዶ ጋራ ሆኖ ለሚያይ ሰው መኪናው እንደማይታየው፣ አቧራው ግን እንደሚታየው አስታወሰ። አቧራው ከመኪናው ጭራ ሥር ጥቅጥቅ ብሎ ወደ ኋላ ይሳሳል፤ ልምድ ያለው ሰው ከአቧራው ብቻ መኪናው ወዴት እንደሚሄድና በምን ፍጥነት እንደሆነ ይናገራል። እውነቱን ለመናገር የመምህሩ ማብራሪያ የገባኝ እዚህ ላይ ነው።

4. ከየት እንደሆነ ያልገለጠ ሰው ሹፌሩ ላይ ወረደበት። ጠፈር ላይ አቧራ ይዞ የሚያንሳፍፍ አየር እንደሌለ፣ ምሳሌው ከመሠረቱ የተበላሸ እንደሆነ፣ ሹፌር መሪውን ቢይዝ እንደሚሻለው ጻፈ። ቅንጣቶቹን የሚገፋቸው የኮከቡ ብርሃን ራሱ ነው ይላል። ብርሃኑ ሲገፋቸው የኮከቡ ስበት የቀነሰላቸው ያህል ሆኖ ሰፋ ወዳለ ምህዋር ይወጣሉ፤ ሰፊ ምህዋር ላይ ያለ ደግሞ ቀርፋፋ ስለሆነ ከፕላኔቷ ወደ ኋላ ይቀራሉ። የዚች ፕላኔት አቧራ ከኋላዋ ብቻ ሳይሆን ከፊቷም እንደሚዘረጋ ሲጨምር፣ የትኛው አይሱዙ ነው ከፊቱ አቧራ የሚያስነሳው ብሎ ተሳለቀ። ፍሬ ነገሩ ትክክል ነው። አፉ ግን መታጠብ አለበት።

5. ሹፌሩ አልተቆጣም። አየር አለመኖሩን መቀበሉን፣ ግን ሰውየው ብዙ ጽፎ የተጠየቀውን የክብደት ነገር እንዳልነካው በሁለት መስመር ጽፎ ወጣ።

6. መምህሩ ተመለሰና ወደ ሚዛኑ ገባ። ለእኔ የክሩ ልብ ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ። መጀመሪያ፣ ብርሃኑ ምን ያህል እንደቀነሰ ካወቅህ የአቧራው ጥላ በድምሩ ምን ያህል ስፋት እንደሸፈነ ታውቃለህ፤ የኮከቡ ስፋት የታወቀ ነውና። ሁለተኛ፣ የቅንጣቶቹ መጠን ያስፈልጋል። እሱ ደግሞ ከጅራቱ ርዝመትና ቅርጽ ይገኛል፤ በጣም የደቀቀ ቅንጣት በዚያ ሙቀት ሩቅ ሳይሄድ ተኖ ያልቃል፣ የገዘፈ ቅንጣት ደግሞ ብርሃን ብዙም አይገፋውም። ስለዚህ ይህን ያህል ርቀት የሄደ አቧራ ቅንጣቱ በሚሊ ሜትር ሺህኛ የሚቆጠር መሆን አለበት። ስፋቱን በቅንጣቱ ውፍረት ስታበዛ ይዘት ታገኛለህ፣ ይዘቱን በድንጋይ እፍጋት ስታበዛ ክብደት። ሦስተኛ፣ ያ ጅራት እየተነነ ያልቃል እንጂ አይጠራቀምም፤ በየዙሩ የሚታየው ግን ፕላኔቷ አዲስ ስለምትተካበት ነው። የሚያልቅበትን ፍጥነት ካወቅህ የምትተካውን አወቅህ ማለት ነው። ኤቨረስት የመጣው ከዚህ ስሌት ነው።

የፕላኔቷ የራሷ ክብደትስ? እዚህ ላይ መምህሩ ነገሩን ገለበጠው። ከባድ ብትሆን ኖሮ ስበቷ ትነቱን አፍኖ ይይዘው ነበር፤ ማምለጡ ራሱ ቀላል መሆኗን ይመሰክራል። በዚህ ምክንያት በጨረቃና በሜርኩሪ ክብደት መካከል እንደምትሆን ይገመታል፤ አሁን በምትፈርስበት መጠን ከቀጠለች ደግሞ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን ዓመት ውስጥ ታልቃለች። እኔ በበኩሌ የጎደለ ጆንያ ከጉድለቱ ተነሥቶ ሲመዘን ያየሁት ዛሬ ነው።

7. ደጀን ነኝ ያለ ሰው ይሄ ሁሉ ግምት በግምት ላይ የተከመረ መሆኑን፣ ፈረንጅ የተናገረውን ሁሉ እንደ ወንጌል መዋጥ እንደሰለቸው፣ እነሱ በጀት እንዲለቀቅላቸው ዜና እንደሚፈበርኩ ጻፈ። ረዥም ነው፤ አብዛኛው ስለ ጠፈር አይደለም።

8. ለእሱ የተሰጠው መልስ ስድብ ነበር። አልደግመውም።

9. የመድረኩ አስተባባሪ 8ኛውን አንሥቶ ሁለቱንም አስጠነቀቀ።

10. የደጀኑ ሰው ተመልሶ መጣ፤ በዚህ ጊዜ ግን ማስረጃ ይዞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ሀብል ቴሌስኮፕ ፎማልሃውት በተባለው ደማቅ ኮከብ ዙሪያ ፕላኔት በቀጥታ ፎቶ አነሣ ተብሎ ዓለም ሲያጨበጭብ እንደነበር አስታወሰ። ኮከቡ 25 የብርሃን ዓመት ብቻ ነው የሚርቀው። ፕላኔት የተባለችው ግን እየደበዘዘች፣ እየተበተነች ሄዳ እ.ኤ.አ. በ2014 ምስል ላይ ከነጭራሹ ጠፋች። ፎቶ ያነሡትን ነገር እንዲህ ከሳቱ ፎቶ ያላነሡትን እንዴት እንመን ሲል ጠየቀ። ሰውየው ግልፍተኛ ነው፤ ጥያቄው ግን ከክሩ ሁሉ ጠንካራው ነው፤ አንዳንዶቻችሁ ስለተናደዳችሁ ብቻ ዘላችሁታል።

11. ያልዘለለችው የባሕር ዳሯ ተማሪ ናት። የጠፋችው ነገር መጀመሪያም ፕላኔት እንዳልሆነች፣ ሁለት ግዙፍ አካላት ተጋጭተው ያስነሡት የአቧራ ደመና እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት ማሳየቱን ጻፈች። ጥናቱን የሠሩት ራሳቸው የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች ናቸው፤ የተጠቀሙትም የዚያኑ የሀብልን ምስሎች ነው። ገና ከመጀመሪያውም ነገርየዋ በኢንፍራሬድ (ዓይናችን በማያየው የሙቀት ብርሃን) አለመታየቷ ጥርጣሬ አሳድሮ ነበር፤ ወጣት ፕላኔት ትሞቃለች፣ የሞቀ ነገር ደግሞ በኢንፍራሬድ ይታያል። ሌላም አነሣች፦ አቧራ በጣም ትንሽ ሆኖ በጣም ሰፊ ቦታ ስለሚሸፍን ከፕላኔት ይልቅ እሱ ይታያል። አንድ ድንጋይ ሰባብረህ ብታደቀው ክብደቱ ያው ነው፤ የሚጋርደው ስፋት ግን እልፍ ጊዜ ያድጋል። በመጀመሪያው መልሷ ምነው እንዲህ አልሆነችም ነበር!

12. ቢቸና አካባቢ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ የግብርና ባለሙያ ገቡ። ጋሼን የምናውቃቸው ስለ ዘር በሚጽፉት ስለሆነ ሁላችንም ደስ አለን። በልጅነታቸው ታኅሣሥ ላይ የተወቃ ጤፍ ሲጠብቁ አውድማ ላይ ጭድ ጎዝጉዘው እንደሚያድሩ፣ ብርዱ ከጋቢ ሥር ገብቶ ስለማያስተኛ ሰማይ ሲያዩ እንደሚነጋ ጻፉ። አንዳንድ ሌሊት ተወርዋሪ ኮከብ አንዱ ሳይጠፋ ሌላው ይከተላል። አባታቸው አንድ ኮከብ ሲወድቅ አንድ ሰው ሞተ ይሏቸው ነበር፤ በዚያ ሌሊት ብዛት ግን አገሩ ሁሉ ማለቁ ነው ብለው ሲያስቡ እንቅልፋቸው ጨርሶ እንደሚጠፋ ቀልደው፣ ተወርዋሪዎቹ ከእንደዚህ ያሉ ፕላኔቶች የመጡ ስብርባሪዎች ይሆኑ እንደሆነ ጠየቁ።

13. መምህሩ ጋሼን በአንቱታ አመስግኖ፣ አቧራው ከሩቅ ኮከብ ሳይሆን ከራሳችን ፀሐይ ግቢ እንደመጣ አስረዳቸው። በየዓመቱ ታኅሣሥ 4 እና 5 ገደማ ምድር ፌቶን የተባለ የጠፈር አለት የበተነውን አቧራ ሰንጥቃ ታልፋለች። ቅንጣቱ በሴኮንድ ወደ 35 ኪሎ ሜትር እየበረረ አየራችንን ሲመታ ነው ያ ብርሃን የሚታየው። ፌቶን የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው፤ ፀሐይን በሚዞርበት መንገድ ከሜርኩሪም አልፎ ወደ ፀሐይ ይጠጋል፣ በዚያን ጊዜም ገጹ ከ700 ዲግሪ በላይ ይግላል። የምትተነው ፕላኔት ታናሽ ወንድም ነው ለማለት ባይደፍርም አንድ መንደር ሳያደርጋቸው አልቀረም።

14. አንድ ዲያቆን ጋሼ ስለ ሌሊት ካነሡ ብሎ ቀጠለ። በወርኀ ጽጌ ማኅሌት ቆሞ አድሮ፣ ገና ሳይነጋ ወደ ቅጥሩ ወጣ ሲል በምሥራቅ በኩል ከአድማስ ተነሥቶ ወደ ላይ እየጠበበ የሚወጣ ነጣ ያለ ብርሃን እንደሚያይ ጻፈ። ጎህ ቀደደ ብሎ ሲጠብቅ ጎህ የሚቀደው ከብዙ ቆይታ በኋላ ነው። ከተማ መብራት እንዳይል በዚያ በኩል ከተማ የለም።

15. እዚህ ላይ አራት ሰው እኩል ተንጫጫ፤ ጨረቃ ነው ያለ አለ፣ ዓይንህን ታመሃል ያለ አለ።

16. መምህሩ ዲያቆኑ ያየው የዞዲያክ ብርሃን እንደሚባል ጻፈ። ፕላኔቶች በሚዞሩበት ዝርግ ላይ የተነጠፈ አቧራ የፀሐይን ብርሃን ሲመልስ ነው የሚታየው፤ አቧራው የጅራታም ኮከቦች ትራፊና የጠፈር አለቶች ግጭት ውጤት ነው። እንደ ጎጃም ለምድር ወገብ በሚቀርብ አገር ያ ዝርግ ከአድማስ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም በደንብ ይታያል፤ ከመስከረም እስከ ኅዳር ጎህ ሳይቀድ በምሥራቅ፣ የካቲትና መጋቢት ምሽት ላይ በምዕራብ፣ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት። ሌሎች ኮከቦችም እንዲህ ያለ አቧራ እንዳላቸው የታወቀው አይራስ የተባለችው ሳተላይት እ.ኤ.አ. በ1983 ቬጋ የተባለው ኮከብ ከሚገባው በላይ ኢንፍራሬድ እንደሚያወጣ ስታይ ነው፤ በዓመቱ ደግሞ የቤታ ፒክቶሪስ ዝርግ በምስል ታየ። ዲያቆኑ በነጻ ያየው ነገር ነው ማለት ነው።

17. አንዱ የታቢን ኮከብ አምጥቶ ጣለ፤ በዙሪያው ያለው አቧራ ሳይሆን የሌላ ዓለም ፍጡራን የሠሩት ግንብ ነው ብሎ። ኮከቡ ወደ 1,470 የብርሃን ዓመት ይርቃል፤ ብርሃኑ እ.ኤ.አ. በ2011 በ15 ከመቶ፣ በ2013 ደግሞ በ22 ከመቶ ወርዶ ነበር። ጁፒተርን የሚያህል ፕላኔት እንኳ የሚጋርደው 1 ከመቶ ገደማ ነውና መደነቁ አይፈረድበትም። አይተው የለዩትም መረጃውን በፈቃደኝነት ያገላበጡ ተራ ሰዎች ናቸው።

18. ተማሪዋ አሁን ትዕግሥቷ አልቋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ኮከቡ እንደገና ሲደበዝዝ ሰማያዊው ብርሃን ከቀዩ የበለጠ እንደቀነሰ፣ ግንብ ግን ሁሉንም ቀለም እኩል እንደሚጋርድ፣ ቀለም የሚመርጠው የደቀቀ አቧራ ብቻ እንደሆነ፣ ይህም ከ2018 ጀምሮ ታትሞ ለማንበብ ለፈለገ ሁሉ እንደቀረበ በቁጣ ጻፈች። አቧራው ከየት መጣ የሚለው ገና ያከራክራል፤ ፍጡራኑን ግን ከጨዋታ አውጥታቸዋለች። ሰውየው አልተመለሰም።

19. ባሕር ማዶ የሚኖር የሞጣ ልጅ ስም ማውጣት አይችሉበትም ባልኩት ላይ ተመሥርቶ፣ እኛ ስንችልበት እ.ኤ.አ. በ2019 እንዳሳየን አስታወሰ። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት ሲያድል ለኢትዮጵያ የደረሰው ኮከብ ቡና፣ ፕላኔቱ አቦል ተባለ።

20–25. ቡና። የዘጌ ሰው የትኛው ቡና እንደሆነ ይጣራልን አለ፤ ሌላው ቶናና በረካ የሚባሉ ፕላኔቶች እስኪገኙ ኮከቡ ጀበናውን አያወርድም አለ፤ አንዱ ለምን ጤፍ አልተባለም ብሎ ተቀየመ። መሀል ላይ ስለ ጮቄ አፈር መሸርሸር የተጻፈ ቁም ነገር ነበር፤ አስተባባሪው ወደ ሌላ ክር አዛውሮታል።

26. ከዳንግላ አንዲት ፋርማሲስት ቀልዱን አቁማ አቦልም ይፈርስ እንደሆነ፣ የእኛዋ ምድርስ መጨረሻዋ ምን እንደሆነ ጠየቀች።

27. መምህሩ አቦል ከጁፒተር የሚከብድ፣ ኮከቡን ለመዞር ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ የሚወስድበት የራቀ ግዙፍ ስለሆነ እንዳትሰጋ ነገራት። የምድር ነገር ግን ሌላ ነው። ፀሐይ ከ5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ አብጣ ሜርኩሪንና ቬነስን ትውጣለች፤ ከዚያ ወደ ነጭ ድንክ፣ ማለትም ነዳጁን ጨርሶ ወደ ቀረ ትንሽ የኮከብ እምብርት ትኮማተራለች። ተርፎ የሚቀረው ምን እንደሚገጥመው እ.ኤ.አ. በ2015 ታይቷል። ደብሊውዲ 1145+017 የተባለው ነጭ ድንክ በመቶዎች የሚቆጠር የብርሃን ዓመት ይርቃል፤ በዙሪያው ስብርባሪዎች በ4 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲዞሩ፣ በኮከቡ ላይ ደግሞ ማግኒዚየም፣ ሲሊከን፣ ካልሲየምና ብረት ተገኝቶበታል። እነዚህ ከባድ ነገሮች በነጭ ድንክ ላይ ቶሎ ወደ ውስጥ ይሰጥማሉ፤ ላይ ከታዩ በቅርብ የወደቁ ናቸው። ኮከቡ ድንጋይ እየበላ ነው። ደግሞ የዚህ ዓይነቱ ምልክት እ.ኤ.አ. በ1917 የቫን ማነን ኮከብ ከተባለ ሌላ ነጭ ድንክ በተነሣ ስፔክትረም (በየቀለሙ በተዘረዘረ ብርሃን) ላይ ተመዝግቦ ኖሯል፤ ምን እንደሆነ የገባቸው ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው።

28. ፋርማሲስቷ አመሰገነች፤ ለልጆቿ እንደማትነግራቸውም ጨመረች።

29. የደጀኑ ሰው ለሦስተኛ ጊዜ መጣ፤ ስድብ የለበትም። ስሌቱን 6ኛው ላይ ደጋግሞ እንዳነበበው፣ ግን ቅንጣቱ ድንጋይ መሆኑን ማን እንዳየ፣ ስሌቱ ሐሰት ቢሆን በምን እንደሚታወቅ ጠየቀ።

30. መምህሩ ጥያቄውን አከበረው። ጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ በጅራቱ ውስጥ አልፎ የሚመጣውን ኢንፍራሬድ ሲተነትን እያንዳንዱ ማዕድን የራሱን ቀለም መጥጦ ያስቀራል፤ የድንጋይ ማዕድን ምልክት ካልተገኘ ወይም የቅንጣቱ መጠን ሌላ ሆኖ ከወጣ ኤቨረስቱ ይወድቃል። ኮከቧ ከእስካሁኖቹ የሚፈርሱ ፕላኔቶች ኮከቦች ሁሉ ደማቋ ስለሆነች ለዚህ ሥራ የምትመች እሷ ናት። እንዲህ ያሉት ከ6,000 ገደማ ከታወቁ ፕላኔቶች መካከል አራት ብቻ መሆናቸውንም ጠቀሰ፤ በሚሊዮን ዓመት ውስጥ የሚያልቅ ነገር ሲፈርስ መድረስ ዕድል ነው።

31. ሹፌሩ ኮከቧን በዓይን ማየት ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። አይቻልም፤ በዓይን ከሚታዩት በብዙ እጥፍ የደበዘዘች ናት፣ በትንሽ ቴሌስኮፕ ግን ትገኛለች። የምትገኝበት ፔጋሰስ የተባለው የኮከቦች ስብስብ ግን በጥቅምት ምሽት አናት ላይ እንደ አራት ማዕዘን ሆኖ ይቆማል።

32. የደጀኑ ሰው የጄምስ ዌብን ውጤት እንደሚጠብቅ፣ እስከዚያው ክሩ እንዳይዘጋ አስተባባሪውን ለመነ። አስተባባሪው እስካሁን አልመለሰም፤ ስለ ቡና የሚጽፉት ግን ቀጥለዋል።